የ2.5 ሚሊ ሜትር ጣጣ፦ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ታሪኩን ስሙ

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ቢሮዬ ድረስ መጣች። በአንድ እጇ ካሜራ፣ በሌላው እጇ ሌንስ ይዛለች። ካሜራው ኒኮን ነው፤ ልጆች እያስጠናች ባጠራቀመችው ገንዘብ ያገለገለ የገዛችው። ሌንሱ ደግሞ ካኖን ነው፤ ዱባይ የምትሠራው አክስቷ «ለካሜራሽ ይሆንሻል» ብላ በሰው የላከችላት ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ።

«መምህር፣ እንቢ አለኝ እኮ፤ አይገባም!» አለችኝ።

ሌንሱ አልተበላሸም። ካሜራውም ጤነኛ ነው። አክስትየዋም ሳትሰስት ነው ገዝታ የላከችው። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? መልሱ ከሱቅ ሻጭ አይገኝም። ለማግኘት ወደ ኋላ መመለስ፣ በተለይ በ1959 እና በ1987 የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዲጂታል ኤስኤልአር ካሜራ ልገዛ ነው፤ የቱን ልምረጥ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። ጠያቂው ወዲያው ወደ ሜጋፒክሰል ቁጥር ይሄዳል። እኔ ግን ከቁጥሩ በፊት ታሪኩን ማውራት እመርጣለሁ። ለምን መሰላችሁ? ዛሬ መደርደሪያ ላይ የምናየው ካሜራ ቅርጹም፣ ዋጋውም፣ ከማን ጋር እንደሚስማማና እንደሚጣላም የተወሰነው እናንተ ከመወለዳችሁ በፊት ነው።

ሁሉም ነገር የጀመረው በመስታወት ነው

በቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። በሚስማር ቀዳዳ የገባ የፀሐይ ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ነጠብጣብ ይሠራል። ያ ክብ የቀዳዳው ቅርጽ እንዳይመስላችሁ፤ የፀሐይዋ ምስል ነው። ሰኔ 2020 ላሊበላ አካባቢ ፀሐይ ቀለበት መስላ በተጋረደች ጊዜ፣ በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ያለፈ ብርሃን መሬት ላይ ትንንሽ ቀለበት ይሠራ ነበር። ይህን የብርሃን ጠባይ በ11ኛው መቶ ዘመን ኢብን አል ሃይሠም የተባለው ሊቅ በጥንቃቄ መርምሮታል። የጨለማ ሣጥን፣ ትንሽ ቀዳዳ፣ ከኋላው የተገለበጠ ምስል፤ ካሜራ ማለት በመሠረቱ ይኸው ነው።

ችግሩ የመጣው ምስሉን ማስቀረት ሲቻል ነው። የ19ኛው መቶ ዘመን ፎቶ አንሺ በመጀመሪያ በሣጥኑ ጀርባ ባለ ጭጋጋማ መስታወት ላይ ምስሉን ያይና ያስተካክላል። ከዚያ መስታወቱን አንስቶ በቦታው ብርሃን የሚይዘውን ሳህን ይተካል። ሳህኑ ከገባ በኋላ ግን ምንም አያይም። በዚያ መሀል ሰውየው ቢንቀሳቀስስ? በቃ፣ ፎቶው ተበላሸ። ሌላ የመመልከቻ ቀዳዳ ከጎን መክፈትም ይቻላል፤ ግን ያ ቀዳዳ የሚያየውና ሌንሱ የሚያየው አንድ አይደለም። አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጣታችሁን እዩ፤ ከዚያ ዓይን ቀይሩ። ጣቱ ቦታ የቀየረ ይመስላል አይደል? ልክ እንደዚያ ነው።

መፍትሔው መስታወት ሆነ። ከሌንሱ ጀርባ መስታወት በ45 ዲግሪ አጋድሞ ማስቀመጥ፣ ብርሃኑን ወደ ላይ መላክ፣ ፎቶ በሚነሳበት ቅጽበት ብቻ መስታወቱን ከመንገድ ማንሳት። እንግሊዛዊው ቶማስ ሰተን ለእንዲህ ያለ ካሜራ በ1861 ፓተንት አወጣ። «ኤስኤልአር» የሚለው ስም የሚነግረንም ይህንኑ ነው፤ በአንድ ሌንስ የሚያይና የሚያነሳ፣ ብርሃኑን በመስታወት የሚያንጸባርቅ ካሜራ ማለት ነው።

ከድሬስደን እስከ ጃፓን

ሐሳቡ ቀላል ቢሆንም በእጅ የሚያዝ ምቹ ካሜራ ለማድረግ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። በ1936 በጀርመን ድሬስደን ከተማ ኪነ ኤግዛክታ የተባለ፣ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚጠቀም ኤስኤልአር ወጣ። በእሱ ለማየት አንገትን ደፍቶ ወደ ታች መመልከት ግድ ነበር። ምስሉም ግራና ቀኙ የተገለባበጠ ነው፤ ሰውየው ወደ ቀኝ ሲሮጥ እናንተ ወደ ግራ ሲሮጥ ታያላችሁ። በ1949 እዚያው ድሬስደን የተሠራው ኮንታክስ ኤስ አናቱ ላይ አምስት ጎን ያለው ፕሪዝም ጫነ። ይህ ፕሪዝም ምስሉን አቃንቶ ወደ ዓይን ይልከዋል። ዛሬም በዲጂታል ኤስኤልአር አናት ላይ የምናያት ጉብታ የዚያ ፕሪዝም ቤት ናት።

አንድ ችግር ቀረ። መስታወቱ አንዴ ከተነሳ ፊልሙ እስኪጠቀለል ድረስ አይመለስም፤ ፎቶ ባነሳችሁ ቁጥር ዓይናችሁ ጨለማ ላይ ያፈጣል። ይህን በ1954 የጃፓኑ አሳሂ ኩባንያ በአሳሂፍሌክስ ሁለት ቢ ካሜራው ፈታው፤ መስታወቱ ተነስቶ ወዲያው እንዲመለስ አደረገ። አሳሂ በኋላ በፔንታክስ ስሙ የታወቀው ኩባንያ ነው። ስሙን ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

በ1959 ኒኮን ኤፍ ወጣ። ብቻውን ሲታይ አብዛኛው ነገሩ አዲስ አልነበረም። ፕሪዝሙም፣ ተመላሹ መስታወትም፣ የሚቀያየሩት ሌንሶችም ከእሱ በፊት ነበሩ። ኒኮን ያደረገው ሁሉንም በአንድ ጠንካራ አካል ማሰባሰብ ነው። የጋዜጣና የጦር ሜዳ ፎቶ አንሺዎች ወደዱት። ከካሜራው ጋር አብሮ የመጣው የሌንስ መግጠሚያ ቀለበት፣ ማለትም «ኤፍ ማውንት»፣ ደግሞ ከካሜራው ይበልጥ ዕድሜ አገኘ።

ርቀቷ ለምን ታስፈልጋለች?

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ እየቀረብን ነው። መስታወቱ ከሌንሱ ጀርባ ወደ ላይ ሲወዛወዝ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ በመግጠሚያው ቀለበትና በፊልሙ መካከል የተወሰነ ርቀት መኖር አለበት። ይህን ርቀት እያንዳንዱ ኩባንያ በየራሱ ወሰነ። ኒኮን 46.5 ሚሊ ሜትር አለ። ሌንሶቹም ሁሉ ይህን ርቀት ታሳቢ አድርገው ተሠሩ።

በ1985 ሚኖልታ 7000 የተባለው ካሜራ ገበያውን አናወጠ፤ ሌንሱን እያሽከረከረ በራሱ የሚያጠራው ሞተር በውስጡ ነበረው። ሌሎቹ ኩባንያዎች ምን ያድርጉ? እዚህ ላይ ካኖንና ኒኮን መንገዳቸው ተለያየ።

ካኖን በ1987 አሮጌውን ማውንት ጣለና «ኢኤፍ» የሚባል አዲስ አመጣ። ስፋቱ 54 ሚሊ ሜትር፣ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 44 ሚሊ ሜትር። ሞተሩ በየሌንሱ ውስጥ ገባ፤ በሌንስና በካሜራ መካከል የነበሩት መካኒካል ማንሻዎች በኤሌክትሪክ መገናኛ ተተኩ። ለነገው የተሻለ ነበር። ነገር ግን ለዓመታት የካኖን ሌንስ ሲያጠራቅም የኖረ ባለሙያ አስቡት፤ በአዲሱ ካሜራ ላይ አንዱም አይገጥምለትም። ብዙዎች ተናደዱ፣ ከዱንም ያሉ ነበሩ።

ኒኮን ግን የ1959ኙን ቀለበት ጠበቀ፤ ሞተሩን ካሜራው ውስጥ አስቀመጠ። ለደንበኛው ታማኝ ሆነ ማለት ይቻላል። ታማኝነቱም ግን ዋጋ ነበረው። በኋላ ኒኮንም ሞተሩን ወደ ሌንስ ሲያዛውር፣ ርካሽ በሆኑት ዲጂታል ካሜራዎቹ ውስጥ ሞተር ማስገባት አቆመ። ስለዚህ ዛሬ «ኤኤፍ-ዲ» የሚባለውን አሮጌ የኒኮን ሌንስ እንደ ዲ3500 ባለ ካሜራ ላይ ብትገጥሙት ይገባል፤ ነገር ግን በራሱ አያጠራም፣ በእጅ ማሽከርከር ነው። ከ1977 በፊት ከተሠሩት ደግሞ አዲሱን ካሜራ ሊጎዱ የሚችሉም አሉ። «መግጠም» እና «መሥራት» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እንግዲህ የተማሪዬ ሌንስ ፊልሙን ወይም ሴንሰሩን ከጀርባው በ44 ሚሊ ሜትር ላይ ይጠብቃል። በእሷ ካሜራ ውስጥ ግን ሴንሰሩ ያለው በ46.5 ላይ ነው። ልዩነቱ 2.5 ሚሊ ሜትር። «አዳፕተር ገዝቼ ባገጥመውስ?» አለችኝ። ቀጭን አዳፕተር ቢገኝ እንኳ ርቀቱን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከትክክለኛ ቦታው በ2.5 ሚሊ ሜትር ከራቀ፣ የሩቁን እንዲያጠራ ስታዙት የሚያጠራው 1 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራም ሰውም ይደበዝዛል። በተቃራኒው ቢሆን፣ ማለትም ካሜራው ካኖን ሌንሱ ኒኮን ቢሆን ኖሮ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት መሀል ገብቶ ነገሩ ይሠራ ነበር። ታሪክ ለአንዱ በሩን ከፍቶ ለሌላው ዘግቶታል።

ፊልሙ ሲወጣ

እስካሁን ያወራነው ስለ ፊልም ዘመን ነው። «ዲጂታል» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

በ1969 በአሜሪካ ቤል ላብ ውስጥ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ሲሲዲ የተባለውን የኤሌክትሮኒክስ አካል ፈለሰፉ፤ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። በ1975 ኮዳክ ውስጥ የሚሠራ ስቲቨን ሳሶን የተባለ ወጣት መሐንዲስ በሲሲዲ ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ገደማ፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ 100 በ100 ነጥብ፣ በአጠቃላይ 0.01 ሜጋፒክሰል ብቻ። አንዱን ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ብራይስ ባየር የተባለ ሌላ የኮዳክ ሰው ለዲጂታል ካሜራ ቀለም ሰጠው፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ የማስቀመጥ ዘዴው በ1976 ፓተንት አገኘ። ዛሬም በአብዛኞቹ ካሜራዎችና በኪሳችሁ ባለው ስልክ ውስጥ ያለው ይኸው ዘዴ ነው።

ግን አስቡት፤ ኮዳክ የሚኖረው ፊልም በመሸጥ ነው። ፊልም የማይፈልግ ካሜራ ለእሱ ልጅም ጠላትም ነበር። ኩባንያው ቴክኖሎጂውን ፈልስፎም ገበያውን ለሌሎች ለቀቀ፤ በጥር 2012 ከአበዳሪዎቹ ከለላ ጠይቆ ፍርድ ቤት ቀረበ።

ኮዳክ ግን አንድ ትልቅ ነገር ሠርቷል። በ1991 ዲሲኤስ የተባለውን ዲጂታል ኤስኤልአር ለገበያ ሲያቀርብ ካሜራውን እንደ አዲስ አልሠራውም። የኒኮን ኤፍ3 የፊልም ካሜራ ወስዶ፣ ፊልሙ በሚቀመጥበት ቦታ 1.3 ሜጋፒክሰል ሴንሰር አስገባበት። ምስሎቹ የሚቀመጡት በትከሻ በሚንጠለጠል ሣጥን ውስጥ ነበር። ዋጋው 20,000 ዶላር ገደማ። በዚህም ምክንያት መስታወቱ፣ ፕሪዝሙና ማውንቱ ሳይነኩ ወደ ዲጂታል ዘመን ተሻገሩ። ባለሙያዎቹ ሌንሶቻቸውን ስላልጣሉ አዲሱን ነገር ለመሞከር አልፈሩም።

ከዚያ በኋላ ዋጋው ቁልቁል ወረደ። በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ1 2.7 ሜጋፒክሰል ሆኖ 5,500 ዶላር ገደማ ነበር። በ2003 ካኖን 300ዲ በ6 ሜጋፒክሰል ከ1,000 ዶላር በታች ተሸጠ። ተማሪና ጀማሪ ዲጂታል ኤስኤልአር መመኘት የጀመሩት ያኔ ነው።

የሜጋፒክሰል ወጥመድ

ሱቅ ስትገቡ «ይሄ 24 ሜጋፒክሰል ነው!» ይሏችኋል። እሺ፣ እናስላው። በኤ4 ወረቀት ላይ በኢንች 300 ነጥብ ጥራት ለማተም 2480 በ3508 ነጥብ ይበቃል። ሲባዛ 8.7 ሜጋፒክሰል ነው። 24 ካላችሁ ተርፏችኋል።

ይልቅ የሴንሰሩን ስፋት ጠይቁ። «ሙሉ ፍሬም» የሚባለው 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልክ ከየት መጣ? ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ የሲኒማ ፊልምን ለፎቶ ለመጠቀም 18 በ24 የነበረውን የሲኒማ ምስል እጥፍ አደረገው። በ1925 ለገበያ የቀረበው የሱ ላይካ ካሜራ ልኩን አስለመደ። ከ100 ዓመት በኋላም ፊልም በሌለበት ካሜራ ውስጥ በዚያው ልክ እንለካለን።

ርካሾቹ ካሜራዎች ኤፒኤስ-ሲ የሚባል አነስተኛ ሴንሰር አላቸው፤ በኒኮን 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሙሉው 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን ይሄ ወደ 367 ነው። ሁለቱም 24 ሜጋፒክሰል ቢሆኑ የሙሉው ፍሬም አንድ ነጥብ ጎኑ 6 ማይክሮ ሜትር፣ የትንሹ ደግሞ 3.9 ገደማ ይሆናል። ዝናብ ሲዘንብ ሰፊ ባልዲና ጠባብ ባልዲ ደጅ እንደማስቀመጥ ነው፤ ሰፊው ብዙ ይሰበስባል። በሻማ በሚበራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወይም በማታ ሠርግ ላይ ልዩነቱ ይታያል። በቀን ብርሃን ግን ትንሹ ሴንሰር ለተማሪ ከበቂ በላይ ነው።

መስታወቱ ሥራ ሲፈታ

በ2008 ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛ፣ ኒኮን ዲ90 እና ካኖን 5ዲ ማርክ ሁለት ቪዲዮ መቅረጽ ጀመሩ። ቪዲዮ ሲቀረጽ ደግሞ መስታወቱ ተነስቶ መቆየት አለበት። ሁለተኛ፣ ፓናሶኒክ ጂ1 የተባለ፣ ሌንሱ የሚቀያየር ሆኖ መስታወት የሌለው ካሜራ አወጣ። ሴንሰሩ ራሱ የሚያየውን በቅጽበት ለትንሽ ስክሪን ካስተላለፈ መስታወቱ ምን ያደርጋል? ሰተን በ1861 ያነሳው ችግር ያለ መስታወት ተፈታ ማለት ነው።

ሶኒ በ2013 ሙሉ ፍሬም የሆኑ መስታወት አልባ ካሜራዎችን አቀረበ። በ2018 ኒኮንና ካኖንም ገቡበት፤ ካኖንም ኒኮንም አዲስ ማውንት ይዘው። በ2020 የወጡትን ኒኮን ዲ6 እና ካኖን 1ዲኤክስ ማርክ ሦስትን የሚተካ ባለ መስታወት የባለሙያ ካሜራ ከሁለቱም አልመጣም። መስታወቱን አጥብቆ የያዘ ትልቅ ስም ቢኖር ፔንታክስ ነው፤ በ2021 ኬ-3 ማርክ ሦስት የተባለ አዲስ ኤስኤልአር አውጥቷል። አዎ፣ በ1954 መስታወቱን ያስመለሰው ያው አሳሂ የነበረው።

ታዲያ ምን እንግዛ?

ታሪኩን የሰማ ሰው ዲጂታል ኤስኤልአር ሲገዛ መንገዱ እያለቀ ያለ ነገር እንደሚገዛ ያውቃል። ይህ ማለት ግን አትግዙ ማለት አይደለም። እኔ እንዲህ እላለሁ።

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነና ፎቶ መማር ከፈለጋችሁ ያገለገለ ዲጂታል ኤስኤልአር ጥሩ ምርጫ ነው። ብዙዎች ወደ አዲሱ ስለተሻገሩ ያገለገለው በየቦታው አለ። የምታዩት በሌንሱ ያለፈውን ብርሃን ራሱን ስለሆነ ባትሪም አይፈጅም። ኒኮን ዲ3500 በደረጃው መለኪያ በአንድ ቻርጅ 1,550 ፎቶ ያነሳል፤ መስታወት አልባዎቹ ግን ስክሪናቸው ሁልጊዜ ስለሚበራ አብዛኞቹ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚያነሱት። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ወይም ገጠር ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋና ሥራችሁ ቪዲዮ ከሆነ ወይም ለብዙ ዓመት የሚያገለግል አዲስ ነገር መግዛት ከቻላችሁ ግን ወደ መስታወት አልባው ሂዱ።

የቱንም ብትመርጡ መጀመሪያ ዙሪያችሁን እዩ። ጓደኛችሁ፣ ወንድማችሁ፣ የሰፈራችሁ ፎቶ ቤት የሚጠቀመው የማንን ማውንት ነው? ሌንስ የሚያውሳችሁ ሰው ካለ እሱ ያለበትን ምረጡ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሲልክላችሁ ደግሞ የካሜራውን ስም ብቻ ሳይሆን የማውንቱን ስም ጽፋችሁ ላኩለት። ያገለገለ ስትገዙ ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ጠይቁ፤ ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡ ሻጋታ እንዳለው አረጋግጡ።

ገንዘባችሁንም ከካሜራው ይልቅ ለሌንሱ አውጡ። ለምን ካላችሁ፣ ያቺው ርቀት አሁን ለእናንተ ትሠራለች። መስታወት ስለሌለ በኒኮን አዲሱ ዜድ ማውንት ርቀቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ በካኖን አርኤፍ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በአሮጌው ሌንስና በአዲሱ ካሜራ መካከል ለአዳፕተር ሰፊ ቦታ ተረፈ። ስለዚህ ዛሬ ለዲጂታል ኤስኤልአር የምትገዙት፣ ሞተሩ በውስጡ ያለ ጥሩ ሌንስ ነገ ካሜራ ብትቀይሩም አብሯችሁ ይሻገራል። የ1987ቱ ሰዎች ይህን ዕድል አላገኙም።

ተማሪዬስ? ሌንሱን ለመለወጥ የካኖን ካሜራ ያለው ሰው እየፈለገች ነው። እስከዚያው ግን ከሒሳባችን አንድ ነገር አውጥታለች። ሌንሱ ከቦታው ከራቀ የሚያጠራው ቅርቡን ነው ብለን አልነበር? አቧራ በሌለበት ክፍል ውስጥ ሌንሱን በእጇ ከካሜራው ፊት ይዛ፣ ትንሽ አራቅ አድርጋ፣ ያልተቆላ ቡና አነሳች። የፍሬዋ መሀል ያለው ስንጥቅ እንደ ሸለቆ ሆኖ ይታያል። ፎቶውን ለአክስቷ ልካላታለች፤ «በላክሽልኝ ሌንስ ያነሳሁት ነው» ብላ።